በቁሙ የቀበርኩት ማኅበር

ጧ! ይል ነበር። ከግድግዳው ማዶ፣ ከመዝጋቢው ክፍል፣ ማኅተሙ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። ጠዋት ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ይጀምርና ወደ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ እጅ ሲዝል፣ ጠ… ጠ… ይላል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሲባጎ እየቆረጥኩ፣ በድምፁ ብቻ የቱ ወረቀት እንደሆነ ዐውቃለሁ እል ነበር። ረዘም ያለው ጧ አዲስ ማኅበር ሲወለድ ነው፤ አጠር ያለው የአድራሻ ለውጥ ነው፤ ከላይ ተነሥቶ በኀይል የሚወርደው ደግሞ የመፍረስ ውሳኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ለሰው አውርቻለሁ፤ የሚያደንቀኝም አላጣሁም። ዛሬ ሳስበው ግን ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ማኅተም የሚለይ ፍጡር የለም። ጆሮዬን ያመንኩትን ያህል ዐይኔን አምኜ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ሥራዬ የፈረሱ ማኅበራትን ፋይል መጠበቅ ነበር። ሰው ሲሞት የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ ማኅበር ሲሞት የት እንደሚገባ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ ዘንድ ይመጣል። ባለድርሻዎቹ ተሰብስበው «ይፍረስ» ይላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ሒሳብ አጣሪ አድርገው ይሾማሉ፤ አጣሪው ያለውን ሸጦ፣ ያለበትን ከፍሎ፣ «የሚጠይቅ ካለ ይቅረብ» ብሎ በጋዜጣ ያስነግራል፤ ጠያቂ ከጠፋ መዝጋቢው በውሳኔው ላይ ፈርሞ ማኅተም ያሳርፍበታል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ከሕያዋን መዝገብ ይሰረዝና ፋይሉ በአንድ ተላላኪ ብብት ሥር ሆኖ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። የቢሮው ሰው «ቀባሪው» ይለኝ ነበር። ስሙ ሲወጣልኝ ተቀይሜ ነበር፤ ቆይቼ ግን ለመድኩትና ስልክ ሳነሣ ራሴ «ቀባሪው ነኝ፣ ማንን ልበል?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን የደወሉት የኃላፊያችን አሮጊት እናት ነበሩ። ስልኩ ወዲያው ተዘጋ።

ክፍሌ ጠባብ ነበረች። አንዲት መስኮት አለቻት፤ እርሷም የምታሳየው የመንገደኛውን እግር ብቻ ነው። ሦስተኛ እርከኗ የጠፋ መሰላል ነበረኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እዚያችው ላይ ይረግጣል፣ ከወደቀ በኋላ እነግረዋለሁ። የሕያዋን ፋይል በቀይ ሲባጎ ይታሰራል፤ የሙታን በነጭ። ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በካርቶን ላይ «በነጭ የታሰረ ፋይል ያለ ኃላፊ ደብዳቤ አይከፈትም» ብዬ በወፍራም ቀለም ጽፌ ከበሩ በላይ ሰቅዬው ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ጽሑፍ መምህራችን ያወደሱልኝን ያንን ጎባጣ «ፈ» በሦስት ቦታ ላይ አስገብቼበታለሁ። አንድ ጊዜ መዝጋቢው ራሳቸው መጥተው «እስቲ አንዴ ልየው» ሲሉኝ «ደብዳቤ አለዎት?» አልኳቸው። ለራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው መጡ።

ፋይሎቹን የምደረድረው በቁጥር አልነበረም። ማኅበርን ያህል ነገር እንደ ሽንኩርት በቁጥር መደርደር ነውር መሰለኝ። በሞቱበት ምክንያት ነበር የምደረድራቸው። በኪሳራ የሞቱት ወደ መስኮቱ፤ ባለቤታቸው ሞቶ የሞቱት ወደ በሩ። በባለድርሻዎች ጠብ የሞቱት ሙሉ ግድግዳ ይዘው ነበር። የወንድማማቾች ጠብ ለብቻው ጥግ ነበረው፤ የአማቾች ደግሞ ብዙ ስለሆኑ ከመሬት ጠጋ ብለው፣ ቁጭ ብዬ የምደርስባቸው ቦታ ላይ አኖርኳቸው። መረጃ ፈላጊ ሲመጣ «በምን ሞተ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይደነግጣል። ቢሆንም እኔ እስካለሁ ድረስ ያልተገኘ ፋይል አልነበረም። እኔ ከሌለሁስ የሚለውን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

አሁን ወደ አማቼ ልምጣ።

አማቼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አናጢ ነው። እንጨት ላይ ጣቱን አሳልፎ የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ የሚናገር፣ ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ምርመራ የማያደርግ፣ ያመነውን አምኖ የሚቀመጥ ሰው ነው። ትንሽ ሥራ ቤት ነበረው፣ በርና ወንበር ይሠራ ነበር፤ ጠግቦ ያድር ነበር። ምን ጎደለው? ወረቀት ጎደለው ብዬ ያሰብኩ እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ «አማቼ፣ ለምን ሥራህን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አታደርገውም?» አልኩት።

«የኔ ኃላፊነት ሚስትና ልጅ ነው» አለኝ፤ «እነሱን የሚወስንልኝ ካለ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ሳቅን። በሳቁ መካከል ቅጹን አወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ ነጋዴ መሆን ስለማይችል ድርሻው በባለቤቴ ስም ሆነ፤ ምክሩ ግን የእኔ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው በሥራ ቤቱ ውስጥ፣ በሁለት ፈረስ እንጨት ላይ በተጋደመ ጣውላ ዙሪያ ይካሄዳል፤ ባለድርሻዎቹ ወንድምና እህት፣ ያለ ደመወዝ ጸሐፊው እኔ። «ድምፅ ይሰጥ» ስል አማቼ መዶሻ የያዘ እጁን ያነሣል፤ ባለቤቴ «ምድጃ ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት» ትላለች። እኔ «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ግን ስለ መስኮት ተለያዩ፤ እሱ ከግራ ይከፈት አለ፣ እሷ ከቀኝ። «ድምፁ እኩል ስለሆነ ውሳኔ አልተሰጠም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ወር ያለ መስኮት ሠሩ።

ማኅበሩን የገደለውም የእኔው ምክር ነው። «በር ምን ያደርግልሃል፣ ቢሮዎች የሚፈልጉት የፋይል መደርደሪያ ነው» አልኩት። አርባ መደርደሪያ ሠራ፤ መዝጊያ ያላቸው፣ በየመዝጊያው ላይ ስም የሚሰካበት ትንሽ የናስ ኪስ ያላቸው። ዐሥራ አንደኛውን ሳንሸጥ ቢሮዎች ሁሉ የብረት ቁም ሣጥን መግዛት ጀመሩ። አማቼ አልተቆጣኝም። ያልተሸጡትን መደርደሪያዎች ቆሞ እያየ፣ «አንተ ቀኑን ሙሉ የምታየው ፋይል ስለሆነ ዓለም ሁሉ ፋይል ያለው መሰለህ» አለኝ ብቻ።

«እንግዲህ ይፍረስ» ተባለ። ሒሳብ አጣሪ አድርገን ሾምነው፤ «ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ማለት ይሄ ነው» እያለ መጋዙን ሸጠ፣ ሁለቱን ሠራተኞች አሰናበተ፣ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አስነገረ። ጠያቂ አልመጣም። «ጠበቃ ልያዝ ወይ?» ሲለኝ ተቀየምኩ። «እኔ እያለሁ? የማፍረስ ነገር ለእኔ?» አልኩት። ፋይሉን ሰጥቶኝ ሄደ።

የመጨረሻውን ቀን የማስታውሰው እንዲህ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አማቼ ክፍሌ ድረስ መጣ። የፈረሰ ማኅበሩን ሊሰናበት ነው የመጣው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መደርደሪያዎቹን ቀና ብሎ ያያል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ከላይ ተነሥቶ በኀይል የወረደ አንድ ጧ ተሰማ። «ሰማህ? ያ የእኛ ነው!» አልኩት። ፋይሉን በነጭ ሲባጎ አሰርኩት፤ ባለ ሁለት ዙር ቋጠሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከእኔ በቀር የሚቋጥረው የለም። ከአማቾቹ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። አማቼ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካው። «ሰው ማኅበሩንም እንዲህ አድርጎ የሚቀብርለት ዘመድ ይስጠው» አለኝ። ሻይ ሊጋብዘኝ ተያይዘን ወጣን። በማግስቱ የዓመት ዕረፍቴ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። አማቼ አንድ ትልቅ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የሰው በርና የሰው መስኮት ሲሠራ ኖረ፤ አምና እሱም ወጣ። ልጁ ግን እጁን ወርሳለች። አንድ ትምህርት ቤት የሁለት መቶ ተማሪ መቀመጫ እንድትሠራለት ፈለገ፤ ውሉን ለመፈረም የተመዘገበ ማኅበር ያስፈልጋል፤ ቀነ ገደቡ ዐርብ ነው። አባቷ የሙያ ማረጋገጫ ስላለው እሱ ሥራ አስኪያጅ፣ እሷ ባለድርሻ ሆነው ሊያቋቁሙ ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም እኔ ቤት መጡ። ልጅቷ ፊቷ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ አይሆንም አሉን። አባዬ ያልፈረሰ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነው ይላሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ፈቃድ ያላሳደሰ። እሱ ሳይፈርስ አዲስ አይቻልም አሉን። ዐርብ ካለፈ ትምህርት ቤቱ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ነገሩኝ።»

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ሳቅሁ። «የእኛ ማኅበር? እኔ በእጄ የቀበርኩት?»

«እኔም እሱን ነው ያልኳቸው» አለ አማቼ። «የቀበረው ሰው በሕይወት አለ፣ ጥሩት አልኳቸው።»

«እኛ ከወጣን ወዲህ ቢሮው ቢሮ አይደለም» አልኩ። «ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ይውላሉ፣ ፋይል በእጅ አይነኩም። አንድ ነገር ቢነካኩ ነው ያበላሹት።»

«የዛሬ ሰው ምን ኀላፊነት ያውቃል!» አለ አማቼ። እንዲህ እየተቀባበልን ሻያችን እስኪበርድ ድረስ የዛሬን ሰው ወቀስነው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ስትሰማን ቆየችና «ከወንበር ላይ ሆናችሁ ከምትፈርዱ ሄዳችሁ አታዩም?» አለች።

«አምስት ደቂቃ» አልኳት። «ዐይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ።»

ሄድኩ። መሰላሌ የለም። የክፍሏ መስኮት ተደፍኖ መደርደሪያዎቹ በሙሉ ብረት ሆነዋል። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች አንዲት ወጣት የመዝገብ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ የማኅበሩን ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ቁጥሩን አልያዝኩም። በምን እንደሞተ ልንገርሽ።»

«ውይ፣ ማን ሞተ?» ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

አስረዳኋት። ስሙን ጽፋ ፈለገች። መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ እንደገና ፈለገች። «ከፈረሱት ዝርዝር ውስጥ የለም። ካልፈረሱት ውስጥ ስሙ አለ፤ ፋይሉ ግን ቦታው ላይ የለም። ጠፍቷል።»

«እዚህ ቤት ፋይል ጠፍቶ አያውቅም!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ አያውቁም» አለችኝ በርኅራኄ። «ከእኛ በፊት አንድ ሰውዬ ነበር አሉ፤ ፋይሉን ሁሉ በጠብ ይደረድር ነበር። የወንድም ጠብ፣ የአማች ጠብ እያለ። በቁጥር ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። አለቃዬ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ራሷን ያማታል።»

«ጉድ ነው» አልኩ።

«አብዶ ነበር ወይስ ምን?»

«እንጃ» አልኩ። «የድሮ ሰው አመሉ ብዙ ነው።»

በዚያ ማስተካከል ጊዜ የመሰረዣ ቁጥር ያልተገኘላቸው ፋይሎች በካርቶን ታጭቀው ከኮሪደሩ ጫፍ ተደርድረዋል፤ ዐሥራ አንድ ካርቶን። የመዝገብ ሠራተኛዋ ሥራዋ በዝቶባት «ከፈለጉ እዚያ ይፈልጉ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ካርቶን ስከፍት በነጭ ሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች እስከ አፉ ሞልተውታል። እጄ ቆመ። «ደብዳቤ አያስፈልግም?» አልኳት።

«የምን ደብዳቤ?»

ማክሰኞን ፈልጌ ሳላገኝ ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ከእጄ ያለፉት ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም ይሉኝ ጀመር፤ የሁለቱ መንትዮች ማተሚያ ቤት፣ በአንድ የጽሕፈት መኪና የተጣሉት ሦስት ጓደኛሞች፣ ባልና ሚስት ሆነው ጀምረው ማኅበሩም ትዳሩም በአንድ ሳምንት የፈረሰባቸው ሰዎች። እያንዳንዱን እያነበብኩ «አይ ጊዜ!» እያልኩ ሳለሁ ቀኑ ሄደ፤ ልጅቷ መጥታ «አባባ፣ እየፈለጉ ነው ወይስ እየተጫወቱ?» አለችኝ። ዘጠነኛው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ከማየቴ በፊት በእጄ ዐወቅሁት፤ ቋጠሮው ባለ ሁለት ዙር ነው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ።

ፈታሁት። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የመስኮቱ ጠብ ሳይቀር። የአጣሪው ሪፖርት አለ። የጋዜጣ ቁራጮቹ አሉ። ከሁሉ በላይ የመፍረስ ውሳኔው አለ፣ በእኔ ጎባጣ «ፈ» የተጻፈ። ከግርጌው «የመዝጋቢው ፊርማና ማኅተም» ይላል። ከዚያ በታች ንጹሕ ወረቀት ነው። ምንም የለበትም።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ማኅተም በስተጀርባ ይመታ ይመስል።

ያን ጊዜ ነው ያ ሐሙስ እንደ ነበረው ሆኖ የመጣልኝ። ውሳኔውን ጽፌ፣ ፋይሉ ውስጥ አድርጌ፣ ወደ መዝጋቢው ልወስደው ስነሣ ነበር አማቼ የገባው። «ማኅተም ብቻ ቀርቶታል፣ ነገ ና» ማለት አቃተኝ። ያለቀ ነገር ላሳየው ፈለግሁ። ከግድግዳው ማዶ የማንም ይሁን የማን አንድ ማኅተም ሲመታ የእኛ ነው አልኩት፤ ነጩን ሲባጎ ለማሳያ አሰርኩ፤ ለማሳያ አኖርኩት፤ ሲሄድ ላወርደው ነበር። ሻይ ጋበዘኝ። በማግስቱ ዕረፍት ወጣሁ። ከሃያ ቀን በኋላ ስመለስ በነጭ የታሰረ ፋይል ነው፤ በነጭ የታሰረ ፋይል ደግሞ አይከፈትም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ያከበርኩትም እኔ ነኝ። ባልወሰድኩት ወረቀት ላይ ማኅተም የመታሁት በጆሮዬ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ነው፤ እሷ እንኳ ያረረባትን ታውቃለች፣ እኔ አላወቅሁም።

የመዝገብ ሠራተኛዋ በትከሻዬ ላይ አዘንብላ አየች። «ማኅተም የለውማ! ማነው ሳያስፈርም ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ ሰውዬ… እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት እንደገና። ውኃ ልታመጣልኝ ሄደች፤ ያ ደግሞ ከስድቡ የባሰ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ፣ የዛሬዋ መዝጋቢ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፋይሉን ገጽ በገጽ አየችው። «ሰነዱ የተሟላ ነው፤ ነገ ልፈርመው እችላለሁ» አለችኝ። «ግን ውሳኔ ያላገኘ ፋይል እንዴት ከፈረሱት ጋር እንደገባ ያስገባው ሰው በጽሑፍ መግለጽ አለበት። አጣሪውም መግለጫውን አንብበው፣ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ሥራ እንዳልሠራ ይፈርማሉ። ያ ከሌለ ከመጀመሪያው ነው፤ ጉባኤ፣ ማስታወቂያ፣ ወራት ይወስዳል።» ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ዝግ ባለ ድምፅ ጨመረች፦ «የዚያን ጊዜው መዝጋቢ አርፈዋል። የማን ጥፋት እንደሆነ እኔ ልመሰክር አልችልም። እርስዎ የጻፉትን ነው የማያይዘው።»

መንገዱን ሁሉ ይህን ንግግሯን እያኘክሁ ሄድኩ። ሙት አይከራከርም። ደግ ሰው ነበሩ፣ ለራሳቸው ደብዳቤ የጻፉልኝ። ቤት ስገባ አማቼ ስልክ ደውሎ እየጠበቀኝ ነው።

«ተገኘ?»

«ተገኘ!»

«አላልኩም? አንተ እጅህን የነካው ነገር አይጠፋም! ምን ሆኖ ነው ታዲያ?»

«ነገ ሦስት ሰዓት ና፤ እዚያው ታየዋለህ» አልኩት።

ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ ፊቴን ስታይ ነገሩ ገባት። ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ አለች። «የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ ያሉት እኔን ነው» አለች። ቀጥላም «ለምን አሁን አትነግረውም?» አለችኝ።

«ወረቀቱ ይነግረዋል።»

«ወረቀት!» አለች። «ዕድሜህን በሙሉ አፍህን ለወረቀት ሰጥተህ ኖርህ።»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መግለጫዬ «ፋይሉ ባልታወቀ ሁኔታ ከፈረሱት ጋር ተቀምጦ ተገኝቷል» ይል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ ሁሉ ነገር ይቀመጣል፣ ይገኛል፣ ይታለፋል፤ የሚያደርገው ሰው ግን የለም። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አነበበችና «ፋይሉ እግር አለው?» ብላ አለፈች። ሁለተኛው መግለጫ የሟቹን መዝጋቢ ስም ይዞ ነበር። እሱን ማንም ሳያየው ራሴ ቀደድኩት፤ ስለ ጨዋነቴ አይደለም፤ ስማቸውን ስጽፍ ያ ጎባጣ «ፈ» ተበላሸብኝ። ሦስተኛው አጭር ነበር። «ፋይሉን ሳላስፈርም ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያለቀ መስሎ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነው። ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም።» ፈረምኩበት።

ሦስት ሰዓት ላይ በኃላፊዋ ቢሮ ተገናኘን። አማቼ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ልጁን አስከትሎ ገባ፤ ደስ ብሎታል። «ይሄ እኮ ቀባሪያችን ነው» አላት ኃላፊዋን እኔን እያሳየ፤ «ከሞት አስነሣ ብትሉትም ያስነሣል!» ኃላፊዋ በጨዋነት ፈገግ ብላ መግለጫዬን አቀበለችው። «ያንብቡት፤ ከዚያ እዚህ ጋ ይፈርማሉ።»

መነጽሩን አደረገ። አማቼ ሲያነብ በጣቱ ነው፤ ቃል በቃል እየነካ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበብኩ። ጣቱ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ልጁ ከኋላው ጎንበስ ብላ እያነበበች ነበር፤ ቀና ስትል እኔን አላየችኝም።

«አማቼ» አልኩ፤ «ያን ዕለት ልነግርህ…»

እጁን አነሣ። ወደ ኃላፊዋ ዞረ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማኅበሩ በፈረሰ… ፈርሷል በተባለ በስድስት ዓመቱ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሥራ ቤት ልንከፍት እዚሁ መጥተን ነበር። በስምዎ የተያዘ ነገር አለ ብለው መለሱኝ። በዚህ ነበር?»

ኃላፊዋ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ። «በዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ አባቴ።»

አስታወስኩ። እንዲያውም ሳልረሳው የኖርኩት ይመስለኛል። ያን ጊዜ ቤቴ መጥቶ ነግሮኝ ነበር። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ፣ በሙሉ ሥልጣን፣ «የስም መመሳሰል ነው፤ አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ምን ሥራ ቤት ያስከፍትሃል፣ ተቀጥረህ ዐርፈህ ብላ» ብዬው ነበር። ሄዶ ተቀጠረ። ጓደኛው ከሌላ ሰው ጋር ከፈተ።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት» አለ አማቼ፤ ለማንም አልተናገረም።

ብዕሩን አነሣና ፈረመ። ፊርማው እንደ ሥራው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ትርፍ ነገር የሌለበት። ኃላፊዋም ፈርማ ማኅተሙን አሳረፈችና የመሰረዣውን ማስረጃ ሰጠችው። ማኅበራችን በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ፈረሰ። አማቼ ማስረጃውን ለልጁ ሰጣት። «ሂጂ፣ አሁኑኑ አስመዝግቢ፤ ነገ ዐርብ ነው» አላት። ልጅቷ ኃላፊዋን አመስግና ሮጠች።

ሁለታችን ቀረን፣ ኃላፊዋም ወረቀት ታገላብጣለች። አማቼ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ከእርሱ የሚመጣ ስድብ እየጠበቅሁ ነበር፤ ስድብ ቢሆን መልስ አዘጋጅቼለት ነበር። ቀልድ ቢሆንም እስቅለታለሁ ብዬ አፌን ግማሽ ከፍቼ ነበር።

ተነሣ። ጉልበቱን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ ጠረጴዛውን ያዘ። የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ቦታው መለሰ። በአጠገቤ አለፈ፤ በሩን ከፈተ፤ ወጣ።